ስድሳ ሦስት ከመቶ

ከወረዳው የመጣውን ደብዳቤ ሐጂ ባካሬንግ ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ አንዴ ለራሳቸው፣ አንዴ ለሽማግሌዎቹ፣ አንዴ ደግሞ መነጽራቸውን ጠርገው በእንጨት መተላለፊያው ላይ ለተሰበሰበው የላንጎሮ ሕዝብ። ነገሩ አጭር ነበር። የኒኬል ኩባንያው ከቶሮሳ ኮረብታ ጀርባ ሁለተኛ የማዕድን መጫኛ ወደብ ሊሠራ ፈቃድ ጠይቋል፤ ተቃውሞ ያለው በዘጠኝ ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ።

"ማስረጃ ነው ያሉት?" አለ ላታንሪ ከኋላ ጮኾ። ጀልባ ሠሪ ነው፤ ምላሱ ከመጥረቢያው ይሰላል። "በሁለት እግሩ የሚሄድ የአሥራ አንድ ዓመት ማስረጃ አለን እኮ! ኡዋ ሳዲሪ፣ ወደ ፊት ይውጡ እንጂ፤ ምነው እንደ አዲስ ሙሽራ ተሸሸጉ?"

ሰዉ ሳቀ። ላንጎሮ ከሳቀች ቆይታ ነበር። የመጀመሪያው ወደብ ከተሠራ ወዲህ ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ኮራል፣ ዓሣ የሚጠለልበት ሕያው የባሕር ድንጋይ፣ በቀይ ጭቃ ታፍኖ ሞቷል። ዓሣ የሚገኘው፣ ሴቶቹም ባሕሩ ሲሸሽ ቀንድ አውጣ የሚለቅሙት ከቶሮሳ ጀርባ ብቻ ነው። የባጆ ሰው ቤቱን ባሕር ላይ በምሰሶ አቁሞ ይኖራል እንጂ የሚያርሰው መሬት የለውም። ያ የቀረው ኮራል ከሞተ መንደሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልነበረም።

ሁሉም በአክብሮት ኡዋ የሚለው ሳዲሪ ተገፍቶ ወጣ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሜትርና ሰሌዳ ይዞ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ኮራል የሚለካ። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ እምቢ አለው። ሐጂ ባካሬንግ ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ "ልጄ፣ ወረቀትን የሚረታው ወረቀት ነው። የእኛ ወረቀት አንተ ነህ" አሉት። "እሺ ሐጂ" ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ያስጨነቀውን ነገር የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ብቻ ነበሩ።

ኮራል መለካት ከሩቅ ሲሰሙት ትልቅ ጥበብ ይመስላል እንጂ ቆጠራ የቻለ ሰው ሁሉ ይችለዋል። ከባሕሩ ወለል ላይ ከተተከለ የብረት ካስማ ተነስተህ ሃምሳ ሜትር ትዘረጋለህ። በየግማሽ ሜትሩ ከሜትሩ ሥር ያለውን ታያለህ፤ ሕያው ኮራል፣ የሞተ ኮራል፣ አሸዋ፣ ጭቃ። በነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ትጽፋለህ። መቶ ነጥብ ነው፤ ከመቶው ስንቱ ሕያው እንደሆነ ትቆጥራለህ፤ አለቀ። ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ አይደለም። ካስማው የት ነው የተተከለው? ነገሩ ሁሉ እሱ ነው።

ያን ካስማ ያስተከለችው ኢቡ ዊናርቲ ናት፤ ኢቡ እመቤት እንደ ማለት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ገና ወጣት ዶክተር ነበረች፤ ሳዲሪን የመረጠችው ትንፋሹን ይዞ ሦስት ደቂቃ ስለሚቆይ ነው። ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ካስማውን አብረው በመዶሻ መቱት። "ኡዋ ሳዲሪ፣ ዓለም ቢገለበጥ ከዚህ ነው የሚጀምሩት" አለችው። የቦታውንም ቁጥር ከሳተላይት ወስዳ ቅጹ ላይ አሳተመችው። የመጀመሪያው ዓመት ሃምሳ ስምንት ከመቶ ሕያው ነበር። በኋላ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ከዚያ ስድሳ አንድ ሆነ። ሳዲሪ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ልጁ ክፍል ያለፈለት ያህል ይደሰት ነበር።

ከዚያ ኩባንያው መጣ፤ ቀዩን ኮረብታ ገሸለጠው፤ ዝናቡም አፈሩን ወደ ባሕር አወረደው። በዚያው ዓመት ኮሮና መንገዱን ሁሉ ዘጋ፤ ኢቡ ዊናርቲም ቀረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ባሕረ ሰላጤ ሰሌዳ ይዞ ውሃ ውስጥ የገባ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከሳዲሪ በቀር። ማንም ሳያዘው ገባ። የመጀመሪያውን ዓመት ሠላሳ አራት ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ዓመት አሥራ ሁለት። ያን ቀን ከውሃ ወጥቶ ጀልባው ውስጥ ተጋደመና አለቀሰ። ሁለቱን ሰሌዳዎች ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀላቸው፤ መንገድ ሲከፈት ለኢቡ ሊሰጣት።

መንገድ ሲከፈት ግን ኢቡ ወደ ትልቅ መሥሪያ ቤት ተዛውራ ነበር። "እንግዶች እልክልዎታለሁ፤ ሁለት ፈረንጆችና አንድ የኛ ልጅ፤ ካስማውን ያሳዩልኝ" የሚል መልእክት መጣ።

በላንጎሮ እንግዳ ሲመጣ የተቀደደው ምንጣፍ ይነሳል፤ የሚያፈሰው ጓዳ በመጋረጃ ይዘጋል፤ የሚያስለው ሽማግሌ እንኳ ተለምኖ ጎረቤት ቤት ይውላል። ይህን ማታለል ነው የሚል ቢኖር ያልሠለጠነ ይባላል። ገመናውን እንግዳ ፊት የሚዘረግፍ ሰው ቤቱን ብቻ ሳይሆን እንግዳውንም ያዋረደ ነው፤ ዓሣውን በሐዘን እንዲበላ አድርጎታልና።

ራባሲያ፣ የሳዲሪ ሚስት፣ ወለሉን እያሻሸች ቀና ብላ ሰሌዳዎቹን አየች። "እነዚህን አውርዳቸው እንጂ! እዚህ ሥር አይደል የሚቀመጡት? የሬሳ ቁጥር እያዩ ነው የሚበሉት?"

"ለኢቡ የምሰጠው ነው።"

"ኢቡ መች መጣች? የመጡት እንግዶች ናቸው።"

አወረዳቸው። አንዴ ካወረዳቸው ደግሞ እጁ የለመደውን አደረገ፤ ሁልጊዜ ቁጥሩ ከተላከ በኋላ እንደሚያደርገው በአሸዋ ፈግፍጎ አጠባቸው። እነዚህ ግን ያልተላኩ ነበሩ። ሲነጡ አያቸው፤ ምንም አልተሰማውም፤ እንዲያውም ቤቱ የጸዳ መሰለው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ ካስማ ይዞ ከቶሮሳ ጀርባ ሄደ። እዚያ ሞገዱ ጠንካራ ስለሆነ ጭቃው አይቀመጥም፤ ኮራሉም እንደ ድሮው ነው። ተከለው። እንግዳ የሚቀመጥበትን ክፍል መረጠ እንጂ ያኔ ሌላ ነገር ያደረገ አልመሰለውም።

እንግዶቹ በማግስቱ መጡ፤ ከዚያ በፊት ላንጎሮን አይተዋት አያውቁም። የቦታው ቁጥር ቅጹ ላይ ታትሞ ስለመጣ ማንም ልፈትሽ አላለም። ስድሳ ሦስት ከመቶ ወጣ። ፈረንጆቹ ውሃ ውስጥ በደስታ መዳፍ ለመዳፍ ተማቱ። ቤት ገብተው ከካሳቫ የተሠራውን ካሱአሚ በተጠበሰ ዓሣ አጣጥመው በሉ፤ ራባሲያም ኮራች።

ከሳምንት በኋላ ኢቡ ዊናርቲ ደወለች። "ኡዋ ሳዲሪ! ስድሳ ሦስት! በዚህ ሁሉ ጥፋት መሐል! የእርስዎ ኮራል እኮ ታምር ነው። ለመሆኑ የእነዚያ የሁለቱ ዓመታት ቁጥር የለዎትም? በመላው ባሕረ ሰላጤ ባዶ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ አልለካም።"

ሳዲሪ ግድግዳው ላይ የቀሩትን ሁለት ሚስማሮች አየ። "የለኝም ኢቡ። በሽታው ነበር።"

"ግድ የለም። ስድሳ አንድና ስድሳ ሦስት ናቸው፤ መሐሉን እናገናኘዋለን።"

አገናኘችው። ሁለቱን ዓመታት በማስመሪያ ሞላቻቸው፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ከስድሳ አንድ ወደ ስድሳ ሦስት ሄደ። ክፍተቱ ተዘጋ ተባለ፤ የሀገሩ ትልቅ ሪፖርት ላይም ገባ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሳዲሪ ከቶሮሳ ጀርባ መለካቱን ቀጠለ። ባለፈው ያሳየኸውን ክፍል ዘንድሮ አይደለም ማለት አይቻልም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን በየዓመቱ እየከበደ መጣ።

ደብዳቤው የተነበበ ዕለት ቤቱ ሲገባ ራባሲያን መረብ ስትጠግን አገኛት።

"ምን ልትላቸው ነው?" አለችው ቀና ሳትል።

"አንቺ ምን በል ትያለሽ?"

"እኔማ ሰሌዳ አውርድ አልኩህ እንጂ እጠብ አላልኩህም። ሌላ ካስማ ትከልም አላልኩህም።"

"አሁን እኔና አንቺ ልንካሰስ ነው?"

"ከማን ጋር ልካሰስ ታዲያ? ከፈረንጆቹ ጋር?" መረቡን ጣለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አየህ፣ ያን ቀን እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ ደህና ቤት መስሎ ነበር።"

እሱም ደስ ብሎት እንደነበር ያውቃል።

ኢቡ ዊናርቲ ለመንደሩ ልትመሰክር፣ ተቃውሞው ከሚሰማበት ችሎት አንድ ቀን ቀድማ ጠዋት ደረሰች። ሰባት ዓመት ሙሉ አልመጣችም ነበር፤ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጆሮዋ ስለተጎዳ መጥለቅ ትታለች። ሕዝቡ በከበሮ ተቀበላት። እሷ ግን ከጀልባ ሳትወርድ፣ "ኡዋ፣ መጀመሪያ ወደ ካስማው እንሂድ። ሰላምታው ይደርሳል" አለችው።

ሳዲሪ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቶሮሳ አቀና።

"ወዴት ነው?" አለችው። "ካስማው እዚህ ፊት ለፊት አይደል? እኔ ነኝ እኮ ያስመታሁት።"

ሞተሩን አጠፋው። ጀልባዋ በራሷ እየተንሳፈፈች ዞረች። ኢቡ የመጥለቂያ መነጽር አድርጋ ጎንበስ አለችና ፊቷን ውሃው ውስጥ ከተተች። ረጅም ጊዜ ቆየች። ቀና ስትል ጉንጯ ላይ የሚወርደው ውሃ ቀላ ያለ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ነገራት። ከሠላሳ አራት ጀምሮ ሁሉንም ነገራት፤ ሚስማሮቹን፣ አሸዋውን፣ እንግዶቹን። ብታቋርጠው ይሻለው ነበር፤ አላቋረጠችውም።

"ለካ ለክተው ነበር" አለች መጨረሻ ላይ። "እነዚያን ሁለት ዓመታት! ኡዋ፣ ያኔ በዚህ ባሕር ውስጥ ዓይን የነበረዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ወደቡ ምን እንዳደረገ ያየ ሌላ ፍጡር የለም። ያን ነው በአሸዋ ያጠቡት?"

"እንግዳ ነበር ኢቡ።"

"እንግዳ!" ጮኸችበት። ከዚያ ወዲያው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "እኔም መጥቼ አላየሁም። ቁጥሩ ሲያምር ጊዜ ወደድኩት። ኩባንያውም ባለፈው ወር መዝገቡን ጠይቆኝ ነበር፤ ስለ ኮራል ማሰብ ጀመሩ ብዬ ደስ ብሎኝ ሰጠኋቸው።"

"ነገ ዝም ብልስ?"

"ወደባችን ምንም አልጎዳም ብለው ስድሳ ሦስትዎን ያሳያሉ።"

"ብናገርስ?"

"አሥራ አንዱም ዓመት ይወድቃል። የእኔም ስም አብሮ ይወድቃል።"

"ታዲያ የቱን ላድርግ?"

"ተናገሩ ለማለትም ዝም በሉ ለማለትም ፊት የለኝም" አለችው። "ወደ መንደር ይመልሱኝ።" ሲመለሱ ከበሮው ገና ይመታ ነበር፤ ሁለቱም ፈገግ ብለው ወረዱ።

ችሎቱ የተደረገው በወረዳው አዳራሽ ነው። ከላንጎሮ ስድስት ጀልባ ሙሉ ሰው ሄደ። የኩባንያው ባለሙያ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነበር፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ መስመር አሳየ። መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ በትንሹ ሽቅብ ይወጣል።

"ይህ የእኛ ቁጥር አይደለም" አለ በትሕትና። "የመንደሩ የራሱ ቁጥር ነው። እዚህ ያሉት የተከበሩት ሳዲሪ በአሥራ አንድ ዓመት ትጋት የሰበሰቡት፣ ዶክተር ዊናርቲ ያሳተሙት ነው። እንደሚታየው ነባሩ ወደባችን ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ሕያው ኮራል ሁለት ከመቶ ጨምሯል። ሁለተኛው ወደብም ጉዳት የሚያደርስበት ምክንያት የለም።"

ሐጂ ባካሬንግ በገዛ ዳቦው ልብ ልቡን ያጣ ሰው ሆነው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ላታንሪ "ምን ጨምሯል ነው የሚለው? ጭቃው ነው የጨመረው!" ብሎ ቢጮህ በረኛው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘው። የስድስት ጀልባ ሰው ዓይን ሁሉ ሳዲሪ ላይ ዞረ።

ሳዲሪ ተነሳ። "ጌታዬ" አለ ሰብሳቢውን፣ "ስድሳ ሦስት የሚለው የዚያ ቦታ አይደለም። ሌላ ካስማ ተክዬ ቦታውን እኔ አዛውሬዋለሁ። ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ኮራል ሞቷል። ስድሳ ሦስቱ ከቶሮሳ ጀርባ ያለው ነው፤ አሁን ሊሠሩበት ያሉት ቦታ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። "ቦታው ግን እዚህ ታትሟል። በየዓመቱ ያው ቁጥር ነው። ከቶሮሳ ጀርባ የሚል አንድም ወረቀት አለ?"

"የለም ጌታዬ።"

"ስለዚህ እስካሁን ሲዋሹ ኖረዋል። አሁን የሚነግሩን እውነት መሆኑን በምን እንወቅ?"

"ገብተው ይዩት። መጥለቅ አያስፈልግም፤ ጭንቅላትዎን ብቻ ውሃ ውስጥ ያስገቡ።"

ከኩባንያው ወገን የተቀመጡት ሳቁ። ሰብሳቢው አልሳቀም። "አባቴ፣ ይህ ጉባኤ ባሕር አይገባም። የሚወስነው በሰነድ ነው።"

ኢቡ ዊናርቲ ብድግ አለች። "እኔ ነገ እገባለሁ፤ ምስክር ይመደብልኝ" አለች። የኩባንያው ጠበቃ ቀስ ብሎ፣ "አሁን የወደቀው የዶክተሯ መዝገብ አይደለም እንዴ?" ሲል ጠየቀ። ኢቡ ተቀመጠች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን ወረቀቱ የያዘውን ሁሉ ለቀቀ። የአሥራ አንዱ ዓመት መዝገብ በሙሉ ተሰረዘ። ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ተነበበ። በአካባቢው ስላለው ኮራል የታመነ መረጃ የለም፤ መረጃ በሌለበት ጉዳት ይደርሳል ማለት አይቻልም፤ ኩባንያው ከተመዘገበው የመለኪያ ቦታ ላይ በየሦስት ወሩ እያስለካ ሥራውን ሊጀምር ተፈቅዶለታል።

መንደር ሲደርሱ ላታንሪ ጀልባውን እያሰረ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ ጮክ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ። ሐጂ ባካሬንግ ሳዲሪን አልሰደቡትም፤ እጁን ጨብጠው ነበር ሁልጊዜ የሚለያዩት፤ ያን ቀን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አድርገው አለፉ። ከስድብ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ኢቡ ዊናርቲ በማግስቱ ስትሄድ ራባሲያ የደረቀ ዓሣ ቋጥራ ሰጠቻት፤ ተቀበለች፤ ሳዲሪን ግን "ደህና ይሁኑ" ብቻ አለችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፓክ ጉናዲ፣ አቶ ጉናዲ እንደ ማለት ነው፣ የሚባል የኩባንያው ሰው ሁለት ካርቶን ብስኩት ይዞ መጣ። ራባሲያ ደህናዎቹን ብርጭቆዎች አወጣች፤ ምን ታድርግ፣ እንግዳ እንግዳ ነው። ጉናዲ ሻዩን እያማሰለ ጉዳዩን አስረዳ። በየሦስት ወሩ የሚለካ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሥልጠና ያለው፣ ባሕሩን የሚያውቅ፣ በአካባቢው ያለው ሳዲሪ ብቻ ነው።

"በአደባባይ ዋሽቻለሁ ያልኩትን ሰው?" አለ ሳዲሪ።

"እሱ አልፏል ኡዋ። እኛ ቂም የለንም።"

"ከየት ነው የምለካው?"

"ከተመዘገበው ቦታ ነዋ። ውሳኔው እንደዚያ ይላል፤ እኛም ከዚያ ንቅንቅ አንልም።"

የተመዘገበው ቦታ! ሳዲሪ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደሙ ሞቀ። ቅጹ ላይ የታተመው የመጀመሪያው ካስማ ነው፤ ጭቃው ያለበት። እዚያ ከለካ የገዛ ወረቀታቸው ላይ፣ በገዛ ማኅተማቸው፣ ያደረጉት ሊጻፍ ነው። "አሁኑኑ እንሂድ" አለ። ራባሲያ ገባት፤ ባሏን ስታየው ዓይኗ በራ፤ ብስኩቱንም ያኔ ከፈተችው።

ካስማውን ያገኘው በእጁ እየዳሰሰ ነው፤ ከጭቃው በላይ የቀረው አንድ ጭብጥ ያህል ብቻ ነበር። ሜትሩን ዘረጋ። ትንፋሹ ባለቀ ቁጥር እየወጣ፣ እየገባ፣ መቶውንም ነጥብ አንድ በአንድ ቆጠረ። ማንም እንደዚያ ቀን በጥንቃቄ ቆጥሮ አያውቅም። አራት ወጣ። ሰሌዳው ላይ አራት ብሎ ጻፈ፤ እርሳሱን ተጭኖ ደገመበት፤ ወጣና ለጉናዲ ሰጠው፤ ፊቱ ሲለወጥ ሊያይም ጠበቀ።

"አራት?" አለ ጉናዲ።

"አራት። እዚህ ስድሳ አንድ ነበር። እናንተ ሳትመጡ።"

"የነበረው እኮ ተሰርዟል ኡዋ፤ እርስዎው አይደሉ ያሰረዙት?" ጉናዲ ስልኩን አውጥቶ ሰሌዳውን ፎቶ አነሳው። ፊቱ አልተለወጠም፤ እንዲያውም እፎይ ያለ መሰለ። "መነሻችን ይሄ ነው። ለእኛ ጥሩ ነው፤ ከአራት ወዴት ይወርዳል? በየሦስት ወሩ አራት ነው፣ ሦስት ነው እያሉ ይጽፉልናል፤ ማንም አጠፋችሁ አይለንም።"

ሳዲሪ የጀልባዋን ጠርዝ እንደያዘ ውሃው ውስጥ ቀረ። "ወደቡ የሚሠራው ግን እዚህ አይደለም!" አለ፤ ድምፁ ልመና ሆነበት። "ከቶሮሳ ጀርባ ነው። እዚያ ያለው ሕያው ነው። ለኩት! ሌላ ሰው ይለካው፣ እኔን አትመኑኝ፤ ብቻ ባሕሩን ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለኩት!"

ጉናዲ ክፉ ሰው አልነበረም። ከቦርሳው የውሳኔውን ወረቀት አወጣ፤ ካርታውን ዘረጋ፤ ጣቱን ከመንደሩ እስከ ቶሮሳ፣ ከቶሮሳ እስከ ጀርባው በትዕግሥት አስኬደ፤ ተመልሶም ፈለገ።

"ከቶሮሳ ጀርባ ምንም የለም ኡዋ" አለ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ የተለካ ነገር የለም።" ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ መለሰው።

ከኮረብታው ወዲያ ምሰሶ የሚተክለው መዶሻ ሥራ ጀምሮ ነበር። ሳዲሪ እዚያ አራት ዓመት ጠልቋል፤ ከሜትሩ ሥር ያለውን ኮራል አንድ በአንድ፣ ቀለሙን ሳይቀር ያውቀዋል። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ኮራል ኖሮ አያውቅም፤ እሱም እዚያ ጠልቆ አያውቅም።